ቀይ የቀረው የታችኛው ድዴ

የላይኛው ድዴ ጥቁር ነው፤ የታችኛው ቀይ። ስስቅ የሚታየው የላይኛው ብቻ ስለሆነ ሰው ልብ አይለውም። ባሕር ዳር ያለው የጥርስ ሐኪም ግን አፌን አስከፍቶ መብራቱን እንዳበራ አየውና፣ «እማማ፣ ነቃሿ ታችኛውን ረስታው ነው?» አለኝ። የልጅ ልጄ ሊሆን የሚችል ለጋ ልጅ ነው። ሰው አፍ ውስጥ ብረት ከትቶ ጥያቄ መጠየቅ የሐኪሞች ሁሉ አመል ስለሆነ፣ ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩትና ተገላገልኩ።

ቀጥሎ አንዲት ቀጭን ወረቀት አወጣ። ጫፏን በጥርሴና በድዴ መካከል ሰካትና ጥቂት ጠበቀ። ስትወጣ ርሳለች። ምራቄ መስሎኝ አፍሬ ነበር።

«ምራቅ አይደለም» አለኝ። «ከድድዎ ሥር የሚወጣ ውኃ ነው። ሰውነት በሽታ ሲገጥመው የሚልካቸው መከላከያ ፕሮቲኖች አሉ፤ ሥሩ ሲታመም እዚህ ውኃ ውስጥ ይበዛሉ። ጥርሱ ሳይነቃነቅ፣ አጥንቱ ሳይበላ በፊት ከእነሱ ማወቅ ይቻላል። የእርስዎ የላይኛው ድድ ስለተነቀሰ ይቅላ አይቅላ በዐይኔ አይለይልኝም። ስለዚህ ውኃውን እጠይቃለሁ።» ለትምህርቱ ከብዙ ሰው አፍ እንዲህ እየቀዳ ላቦራቶሪ እንደሚልክም ነገረኝ።

ከወንበሩ ስነሣ ተቆጥቼ ነበር። በማን እንደተቆጣሁ እኔም አላውቅ። ልጁ አላጠፋም፤ እንዲያውም እጄን ይዞ አወረደኝ። ነገር ግን ያ ውኃ ለእኔ አዲስ አልነበረም። እኛ ቤት እዥ ነበር የሚባለው፤ እኔም በአንድ ክረምት ጠዋት ጠዋት ከእህቴ አጎዛ ላይ ስፍቀው ኖሬያለሁ። ሐኪሙ ውኃው እንዲናገርለት ወረቀት ይሰጠዋል። እኛ ዝም እንዲል መርፌ ጠራንለት። የእህቴ ነፍስ በእሱ መውጣትና መቅረት ላይ እንደነበረች ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ፎገራ ሩዝ የሚባል ነገር ገና አላየም። ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ነበር። በጋ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ጥጃ እግሩን የሚሰብርበት ሜዳ፣ ክረምት ሲገባ ርብ እየሞላ ይመጣና ከደጃችን ያለውን ግራር እስከ ወገቡ ይውጠዋል። ነሐሴ ከገባ በኋላ ወረታ መሄድ የፈለገ ሰው ወይ በደንገል ታንኳ ነው፣ ወይ ደረቱን እያስመታ ነው። ያኔ የታመመ ሰው መስከረም እስኪጠባ ይታገሣል ወይም አይታገሥም።

እህቴ የተዳረችው ወደ ሐሙሲት በኩል ነበር። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ ወጉ ነው። ስለዚህ ሜዳው ሳይሞላ በሰኔ በበቅሎ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ወዝቷል፣ አፏ ግን በነጠላ ተሸፍኗል።

የእህቴን አፍ ልንገራችሁ። ሳቂታ ነበረች። ሳቋ የሚመጣው ከነገሩ በፊት ነው፤ ገና ልታወራን ስትጀምር እሷ ትስቃለች፣ እኛ ምን እንደሆነ ሳናውቅ እንከተላታለን። ከሠርጓ በፊት ድዷን ላይም ታችም ተነቅሳ፣ ጥቁረቱ ወደ ውኃ ሰማያዊ ያደላ ነበር፤ ጥርሷ በዚያ ላይ ወተት መስሎ ይታያል። አማቷ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ስትስቅ አይታት ነው ለልጇ የመረጠቻት እየተባለ ይወራል። እኔ በዚያ ሳቅ እቀና ነበር፤ ቅናቴን ስለምታውቅ ደግሞ ትስቅብኛለች።

እናም በነጠላ ተሸፋፍና ስትመጣ አላለፍኳትም። «አማትሽ አፍሽን ሰፋችው እንዴ?» አልኳት። ከነጠላው ሥር ሳቀች። ከዚያ ልትስመኝ ቀረብ ስትል ሸተተኝ። የሞተ ነገር ሽታ ነበር፤ ትንሽ፣ ከሩቅ የሚመጣ፣ ግን የማይሳሳቱት። ፊቴን አላዞርኩም። አለማዞሬን አይታ ዐይኗ እንባ ሞላ።

ሌሊት አብረን በአንድ መደብ እንተኛ ነበር። ጠዋት ስትነሣ ጉንጯ ያረፈበት አጎዛ ርሶ ይገኛል፤ ቢጫ መሳይ፣ ዳር ዳሩን ደም የነካው። እሷ እንዳታፍር ቀድሜ በአመድ እፍቀዋለሁ። የወይራ መፋቂያዋ ከአፏ ቀልቶ ይወጣል። ቆሎ በግራ በኩል ብቻ ታኝካለች፤ ቆይታ እሱንም ተወችው።

«ያምሻል?» አልኳት አንድ ቀን ልብስ ስናጥብ።

«ሕመሙስ ብዙም አይዶለም። ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛ። አማቴም ምን ሁኖ ነው አፍሽ ትለኛለች። ለክርስትናው ሲመጡ እንዲህ ሁኜ ካገኙኝ...» አልጨረሰችውም። ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው ውሸት አይደለም።

እናቴ ነገሩን ደብቃ አልያዘችም፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ትል ነበር ሁልጊዜ። ጎረቤት ሴቶችን ጠርታ አሳየቻቸው። አንዷ ተነሥታ የእህቴን ከንፈር ወደ ላይ ገለበጠች፣ ሌላዋ ወደ ታች ሳበችው። ምን አዩ? ጥቁር። እሳት የመሰለ ቀይ ከሥሩ ቢኖር እንኳ በዚያ ጥላሸት ውስጥ ማን ያየዋል? «ድዷማ ደህና ነው፣ ያምራል» አሉ። «ልጅ ሲያዝ ነው፤ ስትወልድ ይተዋታል።» ከእነሱ አንዷ፣ ጥርሷን ገና በጎልማሳነቷ የጨረሰች ሴት፣ በባዶ አፏ እየሳቀች እሷም በመጀመሪያ ልጇ ጊዜ እንዲህ ሁና እንደነበር ተናገረች። ይህ እንዲያጽናናን ነው የተነገረን። እኔ የሴትዮዋን ባዶ አፍ እያየሁ ምንም አልተጽናናሁም።

አባቴ በዚያ አገር የታወቀ የከብት ዐዋቂ ነበር። ወረታ ገበያ በሬ ሊገዛ የሚወጣ ሰው እሱን ለምኖ ይዞ ይሄዳል። የበሬውን ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን ያያል፣ ድዱን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ጣቱን ያሸታል። ከዚያ «ግዛው» ወይም «እለፈው» ነው፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። የእኛን የልጆቹን ከንፈር ግን ገልብጦ አይቶ አያውቅም። የሴት ልጅ አፍ የእናት ነው። አፍ ብቻም አይደለም፤ ከማጀቱ መጋረጃ ወዲህ ያለ ነገር ሁሉ የእናት ነበር፤ አባቴ ከዚያ መጋረጃ ማዶ ምድጃ ዳር ተቀምጦ የሚቀርብለትን ይበላል።

በዚያው በሐምሌ ከሁለቱ በሬዎች አንዱን ቀንበር ጫንቃው ላይ ላጠው። ቁስሉ ሲያዥ ሰነበተና በኋላ ከላይ ደረቀ፤ ቅርፊት ያዘ። እኔ ድኗል ብዬ ለአባቴ የምሥራች ነገርኩት። ጣቱን ቅርፊቱ ዙሪያ እያዞረ ተጫነ። በሬው ጉልበቱ ተብረከረከ።

«አልዳነም» አለ። «ሲያዥ ነበር ደህናው። በላዩ ሲደርቅበት ነው ወደ ውስጥ የሚሄድ።»

ቢላዋውን እሳት አስነክቶ ቅርፊቱን ከፈተው። የወጣውን መግል ለመናገር ምግብ የሚበላ ሰው አጠገብ መሆን የለበትም። አባቴ ቁስሉን በጨው ውኃ አጥቦ እንዳይገጥም የጥጥ ፈትል ከተተበትና፣ «እዡ እስከወጣ ድረስ አትፍሩለት» ብሎን እጁን ሊታጠብ ሄደ። በሬው ከጥቂት ቀን በኋላ ሣር በደንብ መጋጥ ጀመረ። ይህ ሁሉ የሆነው ከእህቴ መደብ ትይዩ፣ ከግድግዳው ማዶ ነው። እናቴም አይታለች፣ እህቴም አይታለች፣ እኔም አይቻለሁ። በሬ በሬ ነው፣ ሰው ሰው ነው ብለን ሁሉንም በየቦታው አስቀመጥነው።

ነሐሴ ሊገባ ሲል እናቴ ወሰነች። የሚያዥ ድድ ክፉ ደም የያዘ ነው፤ ክፉው ደም በመርፌ ከወጣና ጥላሸቱ ከገባበት ይጠብቃል፣ ይደርቃል። ይህን እናቴ አልፈለሰፈችውም። አገሩ ሁሉ የሚያውቀው መድኃኒት ነበር፤ ለውበት የሚነቀሰው ግማሹ ሰው ነው፣ ሌላው ድዱ ደምቶበት ነው። እህቴም ለመነቻት። ለክርስትናው ቀን አፏ ንጹሕ እንዲሆን ከዚያ በቀር የምትመኘው ነገር አልነበረም።

ነቃሿ ወረታ ዳር የምትኖር የሸማኔ ሚስት ነበረች፤ የእህቴን የሠርግ ንቅሳት የነቀሰችው እሷው ነች። ረጋ ያለች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት። ውኃው ገና ከጉልበት ሳያልፍ ቀሚሷን ሰብስባ መጣች። ድድ ሲነቀስ እኛ ቤት ወንድ አይቆምም፤ አባቴ ዝናቡ እየወረደ ገሳውን ለብሶ በሬዎቹን ይዞ ወጣ። ሲወጣ እህቴን «አይዞሽ» አላት። አላያትም፤ መጋረጃው በመካከል ነበር።

ነቃሿ መርፌዎቿን በክር አንድ ላይ አስራለች። ጥላሸቱን ከኩራዝ ላይ በገል ሰብስባ አምጥታለች። እናቴ የእህቴን ራስ በጭኗ መካከል ያዘች፣ እኔ እጇን። ነቃሿ የእህቴን ከንፈር ስትገለብጠው ሽታው ቤቱን ሞላው። ነቃሿ ግን ፊቷን አላጨማደደችም። «ብዙ ይዟል፤ ጠበቅ አድርጌ ነው የምወጋው» አለች። የሚያዥበትን ቦታ ደጋግማ ወጋችው። ደሙ ጥቁር ሆኖ በአገጯ ወረደ። «ይኸው ክፉው ደም» ስትል እናቴ «ተመስገን» አለች። እህቴ እጄን ከመጨበጧ የተነሣ ጥፍሮቿ መዳፌ ውስጥ ገብተው ነበር። በመጨረሻ ነቃሿ ጥላሸቱን በጣቷ እያሸች ወደየቀዳዳው አስገባችው፤ ዙሪያውን ሁሉ ደፈነችው።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። እኔ ለአቅመ ሔዋን ደርሻለሁ፣ የሚጠይቁኝ ሰዎች እንዳሉም ሹክሹክታ ሰምቻለሁ፤ ነቃሿ በየቀኑ አትገኝምና አብረሽ ተነቀሺ ተባልኩ። መርፌዎቹን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻቸው። የላይኛውን ጨረሰች። ዐይኔ እንባ ብቻ ሆኖ ሳለ እህቴ ያበጠ ከንፈሯን ይዛ አየችኝና ልትስቅ ሞከረች፤ እኔም በዚያ ሁሉ ሥቃይ መካከል ልስቅ ስል ነቃሿ ሁለታችንንም ገሠጸችን።

ታችኛውን ልትጀምር ስትል ከደጅ የውኃው ድምፅ ተሰማ። ርብ እየጨመረ ነው። ነቃሿ ብቅ ብላ አየችና መርፌዎቿን ጠቀለለች። «ታችኛውን በሚመጣው የገበያ ቀን እመለስና እጨርስልሻለሁ» ብላኝ ሄደች።

ደረቀ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩባቸው ጠዋቶች ጥቂት ናቸው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ አጎዛው ደረቅ ነበር። በእጄ ዳበስኩት። ደረቅ ነው። በማግሥቱም ደረቅ። ሽታውም ጠፋ። እናቴ ለማርያም ስለት ተሳለች። እህቴ ነጠላዋን ከአፏ አንሥታ በግልጽ ስታወራ ዋለች፤ ድዷ እንደ ሙሽርነቷ ጊዜ ጠቁሯል። «አሁን ይምጡ አማቶቼ» አለች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ የእኛ ሜዳ ሰዎች፤ ከደጃችን ደግሞ ውኃው ግራሩን ወገቡ ድረስ ይዞት ነበር።

ከዚያ አፏን ሰፋ አድርጋ መክፈት አቃታት። እናቴ የንቅሳቱ እብጠት ነው አለችና አጥሚት እየቀጠነ ይሰጣት ጀመር። ከመንጋጋዋ በታች ጠንካራ ነገር ወጣ። በመጀመሪያ ሽምብራ ያህል ነበር። ሰውነቷ ጋለ። ብርዱ ነው ተባለና ጋቢ ተጨመረላት። አንገቷ ወፈረ፣ ቆዳው ተወጥሮ አብለጨለጨ። እኔ አጎዛውን ጠዋት ጠዋት መዳበሴን አልተውኩም፤ ደረቅ በሆነ ቁጥር ልቤ ይረጋል። ሞኝነቴ ዛሬም ያናድደኛል፤ ያን ጊዜ ግን ቤቱ ሁሉ እንደ እኔ ነበር።

አባቴ አንድ ቀን ቀትር ላይ ከብቱን ከፍታ ቦታ አሰማርቶ ለምሳ ገባ። ምድጃ ዳር ተቀምጦ እጁን ሊታጠብ ሲል እህቴ ከመጋረጃው ውስጥ ውኃ ጠየቀችኝ። ምላሷ ወደ ላይ ተገፍቶ ስለነበር ቃሉ ተጨፍልቆ ነው የወጣ።

«ማናት እንዲህ የምታወራ?» አለ አባቴ።

የገዛ ልጁን ድምፅ አላወቀውም። ተነሣና መጋረጃውን ገለጠ፤ በዕድሜዬ እሱ ያን መጋረጃ ሲገልጥ ያየሁት ያን ቀን ነው። መደቡ ዳር በርከክ ብሎ ጣቶቹን ከእህቴ መንጋጋ ሥር አስገባና እያዞረ ተጫነ፤ ልክ በበሬው ጫንቃ ላይ እንዳደረገው። እህቴ ዐይኗን ጨፈነች።

«እዡስ?» አለ።

«ደርቋል» አለች እናቴ። ደስ ብሏት ነው የተናገረችው፤ ቢያንስ አንድ የምሥራች አላት። «ተመስገን፣ ከተነቀሰች ወዲህ ጠብታ የለም።»

አባቴ ጣቶቹን አላነሣም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ልጅ፣ «ደረቀ?» አለ።

እኔ ያን ጊዜ ገባኝ። የበሬው ጉልበት ሲብረከረክ በዐይኔ መጣ። እናቴም ገባት መሰለኝ፤ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። አባቴ ቢላዋውን ከወገቡ አውጥቶ እሳት ላይ ያዘው። እናቴ ክንዱን ጨበጠች። «ሰው እኮ ናት፣ በሬ አይዶለችም! ጉሮሮዋ ነው የሚያገኙት!» አለችው። ቢላዋው እስኪቀላ አየው። ስንት በሬ የከፈተ እጅ፣ ያን ቀን አልታዘዘውም። ቢላዋውን አመድ ውስጥ ጣለው።

ወረታ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጎንደር የሚሄድ መኪና ይገኛል። ጎረቤት ወንዶች ታንኳ ይዘው መጡ። እህቴን ስናጋድማት ትንፋሿ ይዘጋል፤ ስለዚህ አባቴ መጀመሪያ ገብቶ ተቀመጠና ደረቱ ላይ አስደገፋት። እኔ እግሯ ሥር ሆንኩ። እናቴ በውኃው ውስጥ ጥቂት ተከተለችን፣ ከዚያ ደረቷ ጋ ሲደርስ ቆመች።

ሜዳው ባሕር ሆኗል። በበጋ የምናርስበት፣ ሽምብራ የምንነቅልበት ቦታ ላይ ደንገሉ እየተንሿሿ እናልፋለን። ዝናቡ አቁሟል፤ ነፋስ የለም። የምሰማው የእህቴን ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሲገባ ይፏጫል፣ ሲወጣ ይንኮራኮራል። አንዳንዴ ሆዷ ላይ ልጁ ሲገላበጥ በጋቢው ሥር አየዋለሁ። ልታወራኝ ፈለገች መሰለኝ አየችኝ። አፏ አልከፈት አለ። በጣቷ ወደ ከንፈሬ አመለከተች፤ ገና ያበጠ ነበርና። ከዐይኗ ዳር ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁላት።

የወረታ ቆርቆሮ ቤቶች መታየት ከጀመሩ በኋላ ነው ፉጨቱ ያቆመው። አባቴ አልተንቀሳቀሰም። ከፊት የሚቀዝፈው ሰው ዞር ብሎ አየና ቀዘፋውን ተወ። ሁላችንም ሆዷን አየን፤ ጥቂት ተገላበጠ፣ ከዚያ እሱም ተወ። ታንኳው ፊቱን አዙሮ ተመለሰ።

ነቃሿ በገበያው ቀን እንደ ቃሏ መጣች። አልሰማችም ነበር። መርፌዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ እስከ ደረቷ ርሳ ደጃፉ ላይ ስትቆም ለቅሶ አገኘች። ከለቀስተኛው መካከል ስለ ሸማኔ ዘርና ስለ ቡዳ ዐይን የሚያጉረመርሙ ነበሩ። አባቴ ሰማቸውና፣ «እኛ ነን የጠራናት። አፋችሁን ሰብስቡ» አላቸው። ገብታ ከእናቴ ጋር አለቀሰች። ልቅሶዋ የውሸት አልነበረም።

ዓመቱ ከወጣ በኋላ እናቴ ነገሩን አነሣችው። ሽማግሌ ሊመጣብኝ ነው፣ ግማሽ አፍ ይዤ ሙሽራ ልሆን አይገባም፤ ነቃሿ ትምጣና የታችኛውን ትጨርስ። እናቴ ክፉ ሆና አይደለም። ዓለም ወደ ቦታው እንዲመለስላት ነው የፈለገችው፤ እኔ እንደዚያ አውቀዋለሁ። አባቴ ከምድጃው ዳር ሆኖ ሰማ።

«የታችኛው አይነካም» አለ። «ቀዩን ማየት እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ጠዋት በሬዎቹን ከመፍታቱ በፊት ይጠራኛል። ደጃፉ ላይ፣ ብርሃን ባለበት ያቆመኛል። የታችኛውን ከንፈሬን ገልብጦ ያያል፤ ድዴን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ይጫናል፤ ጣቱን ያሸታል። ከዚያ «ሂጂ» ይለኛል። ሌላ ቃል አይጨምርም። መንደሩ ሳቀብን። እረኞቹ «ስንት ተባለች?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር፤ እሱ ግን አልሰማቸውም።

በሠርጌ ጠዋት ሚዜዎቹ በቅሎ ጭነው ቆመዋል፣ ዘፈኑ ደምቋል፣ እኔ ተሸፋፍኜ ልወጣ ነው። አባቴ ከሰው መካከል ወጥቶ ከደጃፉ ጎን ጠራኝ። ሊመርቀኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩለት።

«አፍሽን ክፈች» አለኝ።

«አባቴ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? በሬ ነኝ እንዴ?»

እጁ ወደ ከንፈሬ መንገድ ላይ ቆመ። ዘፋኞቹ ዝም አላሉም፤ እሱ የተናገረውን እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት።

«እህትሽ በሬ ብትሆን ኖሮ በጊዜ ደርሸላት ነበር።»

ሻሼን ከፊቴ ገለጥኩና አፌን ከፈትኩለት።